ለስምንት ዓመት ልጅ የአዋቂ ጨረር ስለቸሩልን

ለክቡር የምርመራ ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ደብረ ብርሃን

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ፣ ለባለቤትዎና ለልጆችዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ። በተለይ ከቤተሰብዎ ማንንም ራሱን እንዳያመው በየጠዋቱ አጥብቄ እጸልያለሁ፤ በዚህ ከተማ ራሱን ያመመው ሰው ወዴት እንደሚላክና እዚያ ምን እንደሚጠብቀው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታልና።

እኔ እሸቴ ወልደኪዳን እባላለሁ። በብርድ ልብስ ፋብሪካ ሃያ ሰባት ዓመት በሽመና ማሽን ላይ ሠርቼ ጡረታ የወጣሁ፣ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ፣ ባለቤቴ ገነት ካረፈች አሥራ አንድ ዓመት የሆነኝ፣ ከቤቴና ከቤተ ክርስቲያን ውጪ ብዙ የማልታይ ሰው ነኝ። የምጽፍልዎ ስለ ልጅ ልጄ ስለ ወለተሐና ራስ ነው። ስምንት ዓመቷ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሦስት ጊዜ በማዕከልዎ ሲቲ ስካን ውስጥ ገብታለች፤ ለአራተኛ ጊዜ ደግሞ ለፊታችን ሐሙስ ጠዋት ተቀጥራለች። እኔም ከዚያ ሐሙስ በፊት አንድ ነገር ብቻ ልለምንዎ ነው፤ ልጅቷ መግባቷ ግድ ከሆነ፣ መሣሪያው በልጅ ልክ ይስተካከልላት።

ይህን በአካል ልነግርዎ ሦስት ጊዜ መጥቼ ሦስት ጊዜም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተብያለሁ። ስብሰባው በሰላም እንዲያልቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። ደብዳቤውን በአደባባይ የማደርግበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ እሱ ግን የራሴ ኃጢአት ስለሆነ በተራው አነሳዋለሁ። የማዕከሉን ስም ያልጻፍሁት ደግሞ ረስቼው አይደለም። ሰው ሲሳሳት ስሙን በየአደባባዩ መጥራት ደግ እንዳልሆነ ተምሬ ስላደግሁ ነው፤ እርስዎ ራስዎን ካወቁ ይበቃኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጄ ሣራ፣ የወለተሐና እናት፣ በአንኮበር በኩል ጎረቤላ ታስተምራለች። ወለተሐና እንቁላሏን ጎረቤት የምትጥል ዶሮ ላሳድድ ብላ የድንጋዩ ካብ ላይ ወጣች፤ ዶሮዋ በሰላም ወረደች፣ ልጅቷ በራሷ ወረደች። ሁለት ጊዜ አስታወከች። ሣራ ደውላ «አባዬ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይላታል፣ ዓይኗ ይከደንብኛል» ስትለኝ «አሁኑኑ አምጪያት» አልኋት። የዚያን ቀን በወረደው ጉም ውስጥ በሚኒባስ ደብረ ብርሃን አደረሷት። ዶክተር ዘላለም የሚባለው ሐኪም አያትና ራሷ ውስጥ ደም ፈስሶ እንደሆነ ለማየት ወደ እናንተ ላካት። ይህን መጀመሪያ የታዘዘውን ምርመራ ሳስበው እስከ ዛሬ እባርከዋለሁ። ቅሬታዬ ከእሱ በኋላ ስለመጣው ነው፤ «ቅሬታ» የሚለው ቃል ለእርስዎ ክብር ስለማይመጥን ግን «ምስጋና» እያልሁ በቁጥር አቀርበዋለሁ።

አንደኛ፤ ለልጅቷ ምንም ባለመንገርዎ አመሰግናለሁ። ሠራተኞችዎ ጠረጴዛው ላይ አስተኟት፣ ራሷን በማሰሪያ ያዙት፣ ከዚያም ሁሉም እየተሽቀዳደሙ ወጥተው ያን ከባድ በር ዘጉት። ሰው ሁሉ እየሮጠ ከወጣበት ክፍል ውስጥ ብቻዋን የቀረች ልጅ «ምን መጣ?» ብላ ዞር ብትል አይፈረድባትም። በዚህ ላይ ከጣሪያው በኩል «አትንቀሳቀሺ!» የሚል የወንድ ድምፅ ጮኸ፤ እሷም ድምፁ ከየት እንደመጣ ለማየት ተንቀሳቀሰች። ምስሉ ተበላሸ። ስለዚህ እንደገና።

በሁለተኛው ጊዜ መሣሪያውን የሚያሠራው ባለሙያ ተጨንቆ «አባባ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት» ብሎ ማይክሮፎኑን ሰጠኝ። እኔም ምን እንደምላት ስላልመጣልኝ «ወለቴ፣ እኔ ነኝ፤ አባታችን ሆይን እስክጨርስ ድረስ እንዳትነቃነቂ» አልኋትና ቀስ ብዬ ጀመርሁ። ክቡር ሆይ፣ «መንግሥትህ ትምጣ» ሳልል አለቀ። ይኼን ታህል ጊዜ ናት! የመጀመሪያው ጨረር የባከነው ለልጅ አንድ ዓረፍተ ነገር የሚነግር ሰው ስለጠፋ ነው። ደም አልነበረም፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ማዕከልዎ ጸሎት የሚያውቅ ሠራተኛ ከሌለው ተረት የሚያውቅም ይበቃል።

ሁለተኛ፤ ስላልሰሰቱልን አመሰግናለሁ። ከሦስተኛው ምርመራ በኋላ የተሰጠኝን ሲዲ ዶክተር ዘላለም ኮምፒውተሩ ላይ ከፍቶ ምስሉን አየና «ደህና ነች» አለኝ። ከዚያ መጨረሻው ላይ ያለችውን ገጽ ከፍቶ በጣቱ አሳየኝ። ለካ መሣሪያው ራሱ የሠራውን ሁሉ መጨረሻ ላይ ጽፎ ያስቀምጣል፤ ምን ያህል ጨረር እንደለቀቀ በቁጥር፣ በየትኛው ማስተካከያ እንደሠራም በስም። ስሙም «የአዋቂ ራስ» ይላል። «ጋሽ እሸቴ፣ ይህቺ ልጅ በእርስዎ ልክ ነው የተነሣችው» አለኝ። መሣሪያው ውስጥ ለልጆች የተለየ ማስተካከያ ተቀምጦለታል፤ የሚያስፈልገው አንድ አዝራር መንካት ብቻ ነው።

እኔ ስለ ጨረር አላውቅም፤ ስለ ማስተካከያ ግን አውቃለሁ። ለሕፃን የሚሆን ስስ ብርድ ልብስ ስንሠራ ማሽኑን ለሕፃኑ ክር ሳላስተካክል ቀርቼ በአዋቂው ልክ ቢሄድ ኖሮ ክሩ ይበጣጠስ ነበር፣ አለቃዬም እኔን ይበጣጥሰኝ ነበር። በሃያ ሰባት ዓመት አንድ ቀን ተሳስቻለሁ፤ ከምሳ በፊት በግቢው በሙሉ ተወርቶ ነበር። የእናንተ ክር ሲበጠስ ድምፅ የለውም፣ ልዩነቱ ይኸው ነው።

እንዳልፈራም እንዳልደፍርም አድርጎ ያስረዳኝ ያው ዶክተር ነው። «ጨረር መድኃኒት አይደለም፣ መርዝ ነው ብለውም አይሽሹት። እንደ መብራት ይቁጠሩት፤ ለማየት የሚበቃውን ያህል ያበሩታል፣ ካዩ በኋላ ያጠፉታል» አለኝ። ከአፈሩም ከሰማዩም በየቀኑ ጥቂት ጥቂት እንደምናገኝ፣ አንድ የራስ ምርመራ ደግሞ የወራቱን ያህል ባንዴ እንደሚሰጥ ነገረኝ። የአንዱ ጉዳት ትንሽ ነው አለ፤ ሕፃን ግን ገና እያደገች ስለሆነ ሰውነቷ ከእኛ ይልቅ ለጨረር ስስ ነው፣ ከፊቷ ያለው ዕድሜም ረጅም ነው፣ ስለዚህ ያለ ምክንያት አይደጋገምም፣ ያለ ልኩም አይሰጥም። በልጅ ልክ ሲነሣ ምስሉ ትንሽ አቧራ የነካው ይመስላል፤ ደም ካለ ግን ይታያል። ባለሙያዎ ጥርት ያለ ምስል ስለሚወድ አደንቀዋለሁ፤ ግን ሳሎን የምንሰቅለው ፎቶ እንዳልሆነ ቢነግሩልኝ ደስ ይለኛል።

ሦስተኛ፤ የታዘዘው ራስ ሆኖ ሳለ እስከ ትከሻዋ ድረስ ወርዳችሁ አንገቷን በምርቃት ስለጨመራችሁልን። ለገበያ ቢሆን ኖሮ ምርቃቱን በደስታ እቀበለው ነበር።

አራተኛ፤ ስለ ማዕከልዎ ንጽሕና አመሰግናለሁ። ልጅቷ ከአሥር ቀን በኋላ ራሷን ሲያማት ዶክተሩ የመጀመሪያውን ቀን ምስል አይቶ ለመወሰን ፈለገ። እኔም ወደ እናንተ ሮጥሁ። «ቦታ ስለሞላ ተጠርጓል» ተባልሁ፤ ታትሞ የተሰጠን ወረቀት ደግሞ «ደህና ነው» ከሚል ቃል በቀር ምንም የለበትም። ምስል ስለጠፋ ብቻ ልጅቷ ለሦስተኛ ጊዜ ገባች። እኔ በአንኮበር በኩል የማውቃቸው አንድ አባት፣ አባ ገብረመንፈስቅዱስ የሚባሉ፣ ጣሪያው በሚያፈስ ዕቃ ቤት ውስጥ ከአይጥና ከዝናብ ጋር እየታገሉ የአያት የቅድመ አያታቸውን የብራና ዳዊት አንድ ቅጠል ሳይጎድልበት አቆይተዋል። እርስዎ በዚያ ሁሉ ኮምፒውተር የአንዲት ልጅ ራስ አሥር ቀን ማቆየት ካቃተዎ አባን ልላክልዎ እችላለሁ፤ ደመወዝ አይጠይቁም።

አምስተኛው ምስጋና ወደ እርስዎ የሚሄድ አይደለም። ይኼ በራሴ ላይ የምጽፈው ነው።

በእኛ ዘንድ ለታመመ ሰው ጠበል ሲታዘዝ አንድ ቀን ተጠምቆ የሚመለስ የለም። ወይ ሦስት ቀን ነው፣ ወይ ሰባት፤ የሚገባውም ምንም ሳይቀመስ ነው፤ ቀኑን ያጎደለ ሰው ፈውሱንም እንዳጎደለ ይቆጠራል። መሣሪያው ያያል እንጂ አያክምም ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ያ ክብ ነገር ዙሪያዋን ሲዞር እያጠራት መሰለኝ። በማግስቱ ማስታወኳ ሲቆም «አያችሁ፣ ያዘላት!» ብዬ ለጎረቤት አወራሁ። ስለዚህ ለሦስተኛ ጊዜ ትግባ ስትሉኝ መቆጣት ሲገባኝ ደስ አለኝ። ቁርሷን አስከልክዬ በባዶ ሆዷ ይዣት መጣሁ። «አባባ፣ ራበኝ» ስትለኝ «ቻይው የኔ እናት፣ በረከቱ እንዳይጎድልብሽ» አልኋት። ለባለሙያውም ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ አንዴ ከጀመርክላት አደራህን ሰባቱን ሙላላት፤ አትቆጥብባት» አልሁት። እሱም ፈገግ ብሎ «ችግር የለም አባባ» አለኝ።

ይህን ያነበበ ይሳቅብኝ፤ እኔም ስቄአለሁ። ዶክተር ዘላለም ግን ስነግረው አልሳቀም። ባለሙያውን አብዝቼ አልወቅሰውም፤ ከበር ውጪ ሃያ ሰው ቆሞበት ነበር። ነገር ግን አንድ ሽማግሌ «ሰባት ጊዜ» ብሎ ሲለምን «አባባ፣ ይሄ እኮ ሕክምና አይደለም» ለማለት የሚፈጀው ጊዜ፣ ነግሬዎታለሁ፣ «መንግሥትህ ትምጣ» አያደርስም።

ለምን እንዲህ ጓጓሁ ብዬ ራሴን ስመረምር ገነትን አገኛታለሁ። እሷ ራሷን ስትታመም እንዲህ ያለ መሣሪያ በአቅራቢያችን አልነበረም። አዲስ አበባ ወስጄ ሦስት ሳምንት ወረፋ ጠበቅን፤ ወረፋው ሲደርስ እሷ አልቆየችልኝም። እናንተ ስትከፍቱ ከደስታዬ የተነሣ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሻማ አብርቻለሁ፤ ይህን እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርሁም። ለሚስቴ ያላገኘሁትን ለልጅ ልጄ ሰባት እጥፍ ላድርግ ብዬ ነው መሰለኝ። እንግዲህ ያን መሣሪያ ከሚጠላ ሰው አይደለም ይህ ደብዳቤ የመጣልዎ፤ ከአፍቃሪው ነው። በልኩ ቢሠራበት ደስ የሚለኝም ለዚህ ነው።

ኃጢአቴ በዚህም አላበቃም። ጎረቤቴን ወይዘሮ ፍቅረ ማርያምን ለዘመናት የራስ ምታቷ «ቢያንስ ሦስት ጊዜ ግቢ፣ የእኔዋን እያት» ብዬ መክሬ ልኬአታለሁ። ምስኪኗ በባዶ ሆዷ ሄዳ ስትጠብቅ መብራት ጠፋና ተመለሰች። መብራት በመጥፋቱ እግዚአብሔርን ያመሰገንሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ምክሩን የሰጠሁት በአደባባይ፣ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ ቆሜ ስለነበር፣ የምመልሰውም በአደባባይ መሆን አለበት። ወገኖቼ፣ ያ መሣሪያ ጠበል አይደለም። ሐኪም ሲያዝ አትሽሹት፣ ሐኪም ሳያዝ አትጨምሩበት፣ ቁርሳችሁንም ብሉ።

አሁን ወደ ሐሙሱ ልመለስ። የአራተኛውን ቀጠሮ ካርድ የሰጡኝ ሦስተኛውን ውጤት ስወስድ ነው። «ማን አዘዘው?» ብዬ ስጠይቅ መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ «ሲስተሙ ነው የሚያወጣው» አለችኝ። ከዶክተሩ ፊት ደንግጬ ስወጣ ካርዱን ማሳየት ረሳሁ፤ እሱ ደግሞ ለሥራ ደነባ ሄዶ እስከ ረቡዕ አይመለስም። ላስቀራት ብል የገነት ወረፋ ፊቴ ይመጣብኛል፤ ላምጣት ብል «የአዋቂ ራስ» የሚለው ጽሑፍ ይመጣብኛል። ስለዚህ ክቡር ሆይ፣ ከመጣን መሣሪያው በልጅ ልክ ይሁንላት፤ ከራሷ አይውረድ፤ ምስሉ አይጥፋ፤ መሣሪያው የሚያወጣትን የጨረር ቁጥርም በውጤቱ ወረቀት ላይ ጻፉልን። ያቺን ቁጥር ቤታችን አስቀምጠን ለሚቀጥለው ሐኪም እናሳያለን። አንድ መስመር ናት፤ ቀለሙን እኔ እችላለሁ።

እስከ ዛሬ ስላሳዩን ቸርነት፣ ሳይሰስቱ ስለሰጡን ጨረር፣ ሳንለምን ስለመረቁልን አንገት፣ ስለ ጸዳው ኮምፒውተርዎና ስለማያልቀው ስብሰባዎ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሣሁ፣ በነቢያት ጾም በጸሎቴ እንደማስብዎት አረጋግጣለሁ።

አክባሪዎ፣ የወለተሐና አያት፣
የቀድሞ የሽመና ማሽን ሠራተኛና የቀድሞ የሰባት ጊዜ አማካሪ
እሸቴ ወልደኪዳን
ኅዳር 2018 ዓ.ም.

ከፊርማዬ በኋላ የጨመርሁት፦

ደብዳቤውን ሳላሽገው ረቡዕ ሆነና ዶክተር ዘላለም ተመለሰ። ወለተሐናን መስመር ላይ አስኬዳት፣ ዓይኗን አስጨፍኖ አፍንጫዋን አስነካት፣ በእስኪርቢቶው የውስጥ እግሯን ሲነካካ ሳቋ ኮሪደሩን ሞላው። ራስ ምታቷ ከሄደ አራት ቀኑ ነው። «አራተኛ ምርመራ አያስፈልጋትም፤ ይህን ማን አዘዘ?» አለኝ። «ሲስተሙ ነው አሉኝ» አልሁት። «እኔ በዚህ ከተማ ሲስተም የሚባል ሐኪም አላውቅም» ብሎ ካርዱን መለሰልኝ። ጨረሩን ዜሮ ያደረገልን የአንድ ሐኪም ሁለት እጅና አንድ እስኪርቢቶ ነው፤ ክቡርነትዎ ይህን መሣሪያ በጨረታ ለመግዛት እንዳይደክሙ አሳስባለሁ።

ከእኛ ቀጥሎ የገቡት ግን ከቀያቸው ተፈናቅለው እዚህ መጠለያ ውስጥ የሚኖሩት ወይዘሮ ንጋቷ ነበሩ። ልጃቸው ማኅደረማርያም አራት ዓመቷ ነው፤ ከሰሞኑ ደጋግሞ ያንቀጠቅጣታል። ዶክተሩ ረጅም ጊዜ አያትና የእሷ ምርመራ የግድ ነው አለ። ቀጠሮ ሲጠይቁላት ከሦስት ሳምንት በኋላ ስለተባለ የእኛን ሐሙስ ለእሷ ሰጥተናል። ወይዘሮ ንጋቷ ደብዳቤ አይጽፉም፤ «የአዋቂ ራስ» የሚለውንም አያነቡም። ስለዚህ እኔ መነጽሬን ይዤ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ አብሬአቸው እመጣለሁ። የልጅቷ ራስ በመዳፌ ውስጥ ይገባል። እርስዎ ስብሰባ ካለብዎ ምንም አይረበሹ፤ እኛ የምንፈልገው አዝራሩን እንጂ እርስዎን አይደለም።